ከእንሰት ቃጫና ከሬዚን ፓኔል አሠራር፦ ከሐዋሳ ገበያ እስከ በርጩማ መቀመጫ

እንሰት ሲፋቅ የሚፈለገው ቆጮውና ቡላው ነው፤ ቃጫው ከሥራው የሚተርፍ ነው። በሲዳማ ሴቶች የእንሰቱን ቅርፊት በሳንቃ ላይ ዘርግተው በቀርከሃ መፋቂያ ሲፍቁት ሥጋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ክሩ እጃቸው ላይ ይቀራል። ያ ክር ታጥቦና ደርቆ ገመድ፣ ጆንያ፣ ማሰሪያ ይሆናል። ሐዋሳ ገበያ ቆጮ በሚሸጥበት አካባቢ ተጠቅልሎና ታስሮ ታገኙታላችሁ። ይህ መመሪያ ያንን ቃጫ ከፖሊስተር ሬዚን (ማጠንከሪያ ሲጨመርበት የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ጋር አዋህዶ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ፓኔል ለመሥራት ነው። ለበርጩማ መቀመጫ፣ ለትንሽ የካፌ ጠረጴዛ ገጽ፣ ለባጃጅ የውስጥ ልባስ፣ ለግድግዳ ማስዋቢያ ይሆናል።

ፋይበር ግላስ (የመስታወት ክር ከሬዚን ጋር) የሠራ ሰው አብዛኛውን እርምጃ ያውቀዋል። ልዩነቱ ውሃ ላይ ነው። የመስታወት ክር ውሃ አይጠጣም፤ ቃጫ ግን ከአየሩም ቢሆን ይጠጣል። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ፣ ማጠቡም ማድረቁም ጠርዝ መድፈኑም፣ ውሃን ከክሩ አስወጥቶ ተመልሶ እንዳይገባ ለማድረግ ነው። ይህን ከያዛችሁ በመሃል የሚገጥማችሁን ችግር ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ።

ቃጫ ምን ይሰጣል፣ ምን አይሰጥም

የእንሰት ክር ከሙዝ ክርና የመርከብ ገመድ ከሚሠራበት ከአባካ ክር ጋር ቤተሰብ ነው። ሦስቱም በአብዛኛው ሴሉሎስ ናቸው፤ በመካከሉ ሄሚሴሉሎስ፣ ሊግኒንና ፔክቲን አለ። የዕፅዋት ክር አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ 1.4 ግራም አካባቢ ሲመዝን የመስታወት ክር 2.5 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ቃጫው ይቀላል። ጥንካሬው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዘመዱ ባይሆንም በጠባዩ የሚቀርበውና በሰፊው የተጠናው የሲሳል ክር ሲጎተት ከ400 እስከ 700 ሜጋ ፓስካል ይችላል፤ የመስታወት ክር ከ2,000 በላይ ነው። በግትርነትም ሲሳል ከ10 እስከ 20 ጊጋ ፓስካል አካባቢ ሲሆን መስታወት 70 ይደርሳል። ጥንካሬን በክብደት አካፍለን ብናወዳድር እንኳ መስታወቱ ይበልጣል። «ቃጫ ፋይበር ግላስን ይተካል» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ የትኛውን ሥራ ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት።

ቃጫው የሚበልጥበት ሌላ ቦታ አለ። ሲቆረጥ ቆዳ አያሳክክም፣ የመጋዝ ጥርስ ቶሎ አይበላም፣ ድምፅና ንዝረት ያበርዳል፣ ሲሰበርም እንደ መስታወት ስለት ያለው ስብርባሪ አይበትንም። የሚመጣው ደግሞ ከሐዋሳ ዙሪያ ካለ ጓሮ ነው፤ የሚከፈለው ገንዘብ እዚያው ፋቂዋ እጅ ይገባል። ለእኔ ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምሥራቅ ጀርመን የተመረተው ትራባንት መኪና የውጭ አካሉ ከጥጥ ተረፈ ምርትና ከፌኖል ሬዚን ተጨምቆ የተሠራ ነበር። ዛሬም የአውሮፓ መኪና ፋብሪካዎች ለበር የውስጥ ልባስ የተልባና የሄምፕ ክር ይጠቀማሉ። የመረጡት ቦታ የመኪናው ውስጥ መሆኑን ልብ በሉ፤ ዝናብ የማያገኘው፣ ትልቅ ጭነት የማይሸከመው ክፍል ነው።

ልኬቱን አስቀድሞ ማስላት

ሬዚን ውድ ነው፤ በግምት ከተቀላቀለ ወይ ይተርፋል ወይ በመሃል ያልቃል። 40 በ40 በ0.4 ሴንቲ ሜትር 640 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከክብደቱ አንድ አራተኛውን ቃጫ፣ ሦስት አራተኛውን ሬዚን እናድርገው። በእጅ ለሚሠራ ሥራ ከዚህ በላይ ቃጫ መጨመር አይመከርም፤ ሬዚኑ ሁሉም ክር ጋ አይደርስም፣ ደረቅ ክር ደግሞ ፓኔሉን አያጠነክርም። ቃጫውን 1.4፣ የጠነከረ ፖሊስተርን 1.2 ብለን ብናሰላ ፓኔሉ በጠቅላላ 800 ግራም ገደማ ይመጣል፦ 200 ግራም ደረቅ ቃጫና 600 ግራም ሬዚን። ብሩሽ ላይ የሚቀረውንና በጎን የሚፈስሰውን ለመሸፈን ሬዚኑን 660 ግራም አድርጉት።

ተመሳሳይ ስፋትና ውፍረት ያለው፣ 30 በመቶው መስታወት የሆነ ፋይበር ግላስ 910 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በክብደት የምታገኙት ቅናሽ 12 በመቶ አካባቢ ነው። ግትርነት ከፈለጋችሁ መፍትሔው ውፍረት ነው፤ የአንድ ሰሌዳ አለመጉበጥ ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ ከ4 ወደ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ብትሄዱ ግትርነቱ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት፦ ሁለት ላሚኔት የተለበሰ የኤምዲኤፍ ቁራጭ እያንዳንዱ 50 በ50፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት ቀጭን ጠርዞች፣ የሞልድ (የፓኔሉ ቅርፅ ማውጫ) ሰም፣ ሃርድነር (ሬዚኑን የሚያጠነክር ኬሚካል)፣ ብሩሽ፣ ትንሽ ሮለር፣ አሴቶን፣ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ የኬሚካል ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የኦርጋኒክ ትነት የሚያጣራ ባለ ካርትሪጅ ማስክ። የጨርቅ ማስክ የሬዚን ትነትን አያስቆምም፤ ትነቱ በጨርቁ ያልፋል። ለፓኔሉ ከሚገዛው ሁሉ በዚህ ማስክ ላይ አትቆጥቡ።

ቃጫ መምረጥና ማበጠር

ገበያ ስትሄዱ 350 ግራም ያህል ግዙ፤ በማበጠርና በማጠብ የሚቀነሰው ብዙ ነው። ጥሩ ቃጫ ረጅም፣ ነጣ ያለ፣ ጥቁር ነጥብ የሌለበት ነው። ጥቁሩ ነጥብ ሳይደርቅ ታስሮ የሻገተ መሆኑን ያሳያል፤ አንዱን ክር በሁለት እጅ ይዛችሁ ሳብ ስታደርጉት እዚያው ነጥብ ላይ ይበጠሳል። አሸቱት፤ የቆጮ ሽታ ትንሽ ቢኖር ግድ የለም፣ ታጥቦ ይለቃል። የሻጋታ ሽታ ያለውን ግን ተዉት። ሻጯን «እማማ፣ በቅርብ የተፋቀውን ስጡኝ» ማለት ብቻውን ብዙ ያግዛል፤ የትኛው እስር መቼ እንደተፋቀ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ጥቂት ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠሩ ክፈሉ፤ የተለቀመ ቃጫ ማበጠር ላይ ግማሽ ቀን ያተርፍላችኋል።

ለማበጠር ሳንቃ ላይ በአንድ ሴንቲ ሜትር ርቀት ሚስማር ምቱና የክሩን ጫፍ ይዛችሁ ደጋግማችሁ አሳልፉት። የደረቀ ሥጋና አጫጭር ክር ሚስማሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ሁሉንም 40 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በመቀስ ቁረጡ። በአንድ አቅጣጫ እንደተኛ ይቀመጥ፤ ከተደባለቀ እንደገና ማበጠር ነው።

ማጠብ

ሁለት መንገድ አለ። ለግድግዳ ማስዋቢያ ወይም ጭነት ለማይሸከም ልባስ ቃጫውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ ሦስት አራት ጊዜ ማለቅለቅ በቂ ነው። ሰው ለሚቀመጥበት ነገር ግን በኮስቲክ ሶዳ ማከም ይሻላል። ሶዳው ክሩን የሸፈነውን ሰምና ፔክቲን፣ ከሄሚሴሉሎሱና ከሊግኒኑም የተወሰነውን ያነሳል። ገጹ ሸካራ ስለሚሆን ሬዚኑ የሚይዝበት ያገኛል።

በፕላስቲክ ባልዲ 6 ሊትር ውሃ አድርጉና 300 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ በእንጨት አማስሉ። ሶዳውን ወደ ውሃው ነው እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳው በፍጹም አይደለም፤ ሲሟሟ ኃይለኛ ሙቀት ያወጣል፣ ይረጫል። የአሉሚኒየም ድስት ወይም ሳፋ እንዳይነካው፤ አሉሚኒየምን እየበላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል። ጓንትና መነጽር ከመጀመሪያው ይደረግ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ አቼቶ ዓይን ላይ አይደረግም።

ድብልቁ ሲቀዘቅዝ ቃጫውን ንከሩትና 2 ሰዓት ያህል ይቆይ። ውሃው ሻይ ይመስላል፣ ክሩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ሌሊቱን ማሳደር ወይም ሶዳውን ማብዛት ሴሉሎሱን ራሱን ስለሚጎዳ ክሩ ይደክማል። ካወጣችሁ በኋላ በእጅ ስትዳስሱት ማሟለጩ እስኪጠፋ አለቅልቁት። በመጨረሻው ውሃ ላይ አንድ ብርጭቆ አቼቶ ጨምራችሁ ለአምስት ደቂቃ ነክሩት፤ የቀረውን ሶዳ ያበርዳል። ከዚያ አንድ ጊዜ በንጹሕ ውሃ።

የተረፈው የሶዳ ውሃ ቦይ ውስጥ አይደፋ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝና ሌሎች ጅረቶች ይገቡበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። የምንበላው ዓሣም ከዚያው ሐይቅ ነው። በአቼቶ አበርዳለሁ ብትሉ ለዚህ መጠን 9 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል፤ አያዋጣም። የሚሻለው ውሃውን አጥልሎ ምልክት በተለጠፈበት ክዳን ባለው ጄሪካን አስቀምጦ፣ ትንሽ ሶዳ እየጨመሩ ለሚቀጥለው ዙር መጠቀም ነው። በመጨረሻ ሲጠቁር ልጅና ከብት በማይደርሱበት ቦታ በሰፊ የፕላስቲክ ገበቴ ፀሐይ ላይ እስኪተን ተዉት፤ የቀረውን ደረቅ ነገር በጓንት ሰብስባችሁ በፌስታል አስራችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር አስወግዱ።

ማድረቅ፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ሲዳሰስ የደረቀ የሚመስል ቃጫ ደረቅ አይደለም። በተራ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የዕፅዋት ክር ከክብደቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ የሚሆን ውሃ ይዞ ይኖራል። ሴሉሎስ ውሃን የሚስብ ኬሚካላዊ ጠባይ አለው፤ ሬዚን ደግሞ ውሃ ያለበትን ገጽ አይወድም። ያ እርጥበት ሬዚን ውስጥ ከተዘጋ ክሩ ዙሪያ ነጭ ጭጋግና ትናንሽ አረፋ ይሠራል፣ የሬዚኑን መጠንከር ያውካል። ፓኔሉ ከተሠራ በኋላም ክሩ ቀስ በቀስ ሲደርቅና ሲሸማቀቅ ከሬዚኑ ይለያል። ከላይ የሚያምር፣ ውስጡ ያልተያያዘ ፓኔል የሚወጣው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ገመድ ላይ ሰጥታችሁ ነፋስና ፀሐይ ያግኘው፤ በበጋ አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል፣ በሰኔና በነሐሴ መካከል ግን ሁለት ሦስት ቀንም ላይበቃ ይችላል። ቀጥሎ በ80 ዲግሪ ለ4 ሰዓት ምድጃ ውስጥ ይግባ። ምግብ የሚጋገርበት ምድጃ አይሁን። ምድጃ ከሌለ ውስጡ ጥቁር ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሳጥን ሥሩ፣ ከላይ መስታወት ክደኑት፣ ከታችና ከላይ ጥቂት የአየር ቀዳዳ ተዉለት። ቀዳዳው ከሌለ የተነነው ውሃ መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። በሐዋሳ የበጋ ፀሐይ ውስጡ 60 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል። ከ80 ዲግሪ ይልቅ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሠራል።

መድረቁን የሚነግራችሁ ሚዛን ብቻ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት 220 ግራም መዝኑ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አውጥታችሁ ስትመዝኑት 209 ይላል እንበል። መልሱት። ከአንድ ሰዓት በኋላ 203፣ እንደገና 200፣ እንደገና 200። ሁለት ተከታታይ ልኬት እኩል ሲሆኑ ውሃው ወጥቷል። ያ 20 ግራም ውሃ በሬዚን ውስጥ ሊዘጋ የነበረ ነው። እንደ ሞቀ ወፍራም ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩት፤ ክፍት ከተተወ በሰዓታት ውስጥ ከአየሩ መልሶ ይጠጣል። በዚያው ቀን ተጠቀሙበት።

ሞልዱ

ሁለቱን የኤምዲኤፍ ገጾች ከአቧራ አጽዱና ሰም ቀቡ፤ እስኪደበዝዝ ጠብቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አብሱ። ይህን አራት ጊዜ ድገሙ፤ ጠርዞቹንም እንዲሁ። ሰም የሳተው ቦታ ላይ ፓኔሉ ተጣብቆ ይቀራል። አራቱን ጠርዞች በሁለት ወገን በሚያጣብቅ ቴፕ 40 በ40 ካሬ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ትርፍ ሬዚን የሚወጣበት 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ።

ደረቁን ቃጫ 50፣ 50 ግራም አድርጋችሁ በአራት ክፈሉ። አንደኛውና አራተኛው ንጣፍ ክራቸው በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ በመስቀለኛ ይሆናሉ። ከመሃል ወደ ላይም ወደ ታችም አንድ ዓይነት ካልሆነ ፓኔሉ ሲደርቅ ይጠመዘዛል። የበርጩማው መቀመጫ የሚያርፍባቸው ሁለት እግሮች ካሉ የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ ክር ከእግር እስከ እግር ይዘርጋ፤ ጭነቱን የሚሸከሙት ውጭ ያሉት ንጣፎች ናቸው።

ሬዚኑን ማዋሃድ

ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሬዚኑ ኮባልት (መጠንከሩን የሚያፋጥን ኬሚካል) ተጨምሮበታል ወይ? የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው? አብዛኛው ጊዜ ኮባልት የገባበት ሬዚን ሮዝ ወይም ሐምራዊ ቀለም ይታይበታል። ካልገባበት ኮባልቱ ከሬዚኑ ጋር መጀመሪያ በደንብ ይዋሃዳል፣ ሃርድነሩ ከዚያ በኋላ ነው። ኮባልትና ሃርድነር በቀጥታ በፍጹም እንዳይገናኙ። ይቀጣጠላሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። በአንድ መደርደሪያ አታስቀምጧቸው፣ በአንድ ማንኪያ አትለኩ። ሃርድነሩ ዓይን ሊያጠፋ የሚችል ኬሚካል ነው፤ ጠርሙሱ ሲከፈት መነጽር ይደረግ።

ሥራው ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ፣ ከከሰልና ከእሳት ርቆ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። የሐዋሳ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ ከ15 ዲግሪ በታች ፖሊስተር በደንብ አይጠነክርም። ዝናብ ካለ ለሌላ ቀን ተዉት።

ሬዚኑን 330፣ 330 ግራም አድርጋችሁ በሁለት ዙር ቀላቅሉ። ለእያንዳንዱ ዙር 5 ግራም ሃርድነር ማለት 1.5 በመቶ ነው፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ 4.5 ሚሊ ሊትር ያህል ይመጣል። በሞቃት ቀን ወደ 1 በመቶ፣ በቀዝቃዛ ወደ 2 መሄድ ይቻላል። ከ1 በታች ካነሰ ተለጥፎ ይቀራል፣ ከ2 በላይ ከሆነ በሙቀት ይሰነጠቃል። አንድ ደቂቃ ሙሉ የዕቃውን ጎንና ታች እየፋቃችሁ አማስሉ። የስታይሮፎም ኩባያ አትጠቀሙ፤ በሬዚኑ ውስጥ ያለው ስታይሪን ያሟሟዋል። ባዶ ጣሳ ጥሩ ነው።

በፖሊስተሩ ፋንታ ኢፖክሲ የተባለውን ሬዚን ልትጠቀሙ ከሆነ ከቃጫ ጋር የበለጠ ይያያዛል፣ ሽታውም ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የኢፖክሲ ድርሻ እንደ ፖሊስተር በአየሩ ሁኔታ አይቀያየርም። ጣሳው ላይ የተጻፈው ምጣኔ በግራም ተለክቶ ይከበራል።

ማንጠፍ

ሞልዱ ላይ ስስ የሬዚን ሽፋን ቀቡ። የመጀመሪያውን ንጣፍ አኑሩና ሁለት ደቂቃ ምንም አታድርጉ። ሬዚኑ ከታች ወደ ላይ በክሮቹ መካከል ሲወጣ ታያላችሁ፤ አየሩን ከፊቱ እየገፋ ነው። ከላይ ከፈሰሰበት ግን አየሩ ታች ይታሰራል። ከዚያ በብሩሹ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ፤ አትጎትቱ፣ ብሩሽ ሲጎተት የተስተካከለውን ክር ይዞ ይሄዳል። ሮለሩን ክሩ በተኛበት አቅጣጫ ከመሃል ወደ ዳር አሂዱ።

ዓይናችሁ ቀለሙ ላይ ይሁን። ሬዚን የጠጣ ቃጫ ማር ይመስላል፣ ከታቹ ያለው ይታያል። ነጭ ሆኖ የቀረ መስመር ደረቅ ነው፤ እዚያው ላይ ጥቂት ሬዚን አድርጋችሁ ጠብቁት። ቃጫ ከመስታወት ክር በዝግታ ነው የሚጠጣው፤ ትዕግሥት ያለው ሠሪ ጥሩ ፓኔል የሚያወጣው በዚህ ደቂቃ ነው። ሁለት ንጣፍ ሲያልቅ ሁለተኛውን ዙር ቀላቅላችሁ ቀጥሉ።

ሲጨረስ ሳይሸበሸብ የፕላስቲክ ላስቲክ አልብሱት፣ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው እየጫናችሁ አረፋውን ግፉ፣ የላይኛውን ኤምዲኤፍ ክደኑ። ላዩ ላይ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ፣ ማለትም ሁለት ከረጢት፣ መሃል ለመሃል ይጫን። ክዳኑ አራቱን ጠርዞች ሲነካ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የተረፈ ሬዚን ያለበትን ጣሳ ደጅ፣ ባዶ መሬት ላይ አኑሩ፤ ብዙ ሬዚን አንድ ላይ ሲጠነክር ጣሳው እስኪያጨስ ይግላል። አሴቶን የነካ ጨርቅም ክፍል ውስጥ አይቀመጥ።

ማውጣት፣ መቁረጥ፣ መድፈን

ከ24 ሰዓት በኋላ ክዳኑን አንሱና በእንጨት ሽብልቅ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አላቁት። ፓኔሉ ገና ሙሉ ጥንካሬውን አላገኘም፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝታችሁ ለአንድ ሳምንት ተዉት፣ ወይም ያንኑ የፀሐይ ሳጥን ለጥቂት ሰዓት ተጠቀሙበት፤ ሙቀቱ ማጠንከሩን ያፋጥናል፣ ሽታውንም ይቀንሳል።

የምትፈልጉትን ቅርፅ ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ መጋዝ ቁረጡ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፤ የአቧራ ማስክ አይቅር። አሁን የተቆረጠውን ጠርዝ በቅርብ ተመልከቱ፦ በመቶ የሚቆጠሩ የክር ጫፎች አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። የዕፅዋት ክር ውስጡ ባዶ ቱቦ ስላለው ውሃን በእነዚያ ጫፎች በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ጠርዙ ሁሉ ሁለት ጊዜ ሬዚን ይቀባል፣ በመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት ይሻሻል። የብሎን ቀዳዳም እንዲሁ፦ ከሚፈለገው ትንሽ አስፍታችሁ ብሱ፣ ውስጡን ሬዚን ቀቡ፣ ሲደርቅ ብሎኑን ከነሮንዴላው አስገቡ። ከሠሪ እጅ ወጥተው ከዓመት በኋላ ያበጡ ፓኔሎች ሲመረመሩ አብዛኛውን ጊዜ እብጠቱ የሚጀምረው ካልተደፈነ ጠርዝ ወይም ቀዳዳ ነው።

መፈተሽ

ለሰው ከመሸጣችሁ በፊት ከቁርጥራጩ ሁለት ፈተና ሥሩ።

አንደኛው የውሃ ነው። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ውሰዱ፤ የአንዱን ጠርዝ ድፈኑ፣ ሌላውን ተዉት። እያንዳንዱ 12 ግራም ያህል ስለሆነ ነጥብ የሚለይ የወርቅ ሚዛን ያስፈልጋል። መዝኑ፣ 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ አሳድሩ፣ አብሳችሁ እንደገና መዝኑ። የጨመረውን በመጀመሪያው ክብደት አካፍላችሁ በ100 አባዙ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጠርዝ መድፈንን ዋጋ በቁጥር ያሳያችኋል። የተደፈነውም ብዙ ከጠጣ ችግሩ ውስጥ ነው፤ ክሩ አልደረቀም ወይም ሬዚኑ አልደረሰውም።

ሁለተኛው የግትርነት ነው። የላይኛው ንጣፍ ክር በርዝመቱ የሄደበት 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ቁረጡ፤ 20 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት እንጨቶች ላይ አሳርፉት፣ መሃሉ ላይ አንድ ኪሎ አንጠልጥሉ፤ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ፌስታል ይሆናል። ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎበጠ ለኩና 12,250ን በዚያ ቁጥር አካፍሉ፤ የምታገኙት ግትርነቱ በሜጋ ፓስካል ነው። ውፍረቱ በትክክል 4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ትንሽ ልዩነት ውጤቱን በጣም ያዛባል። ያለ ክር የጠነከረ ፖሊስተር 3.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጎብጣል። የእናንተ ከ3 በታች ከሆነ ቃጫው ሥራውን እየሠራ ነው። 3.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ክሩ ከሬዚኑ ጋር አልተያያዘም፤ ወደ ማድረቁና ወደ ማንጠፉ ተመለሱ።

የት ይዋል፣ የት አይዋል

ከጣሪያ በታች ያለ፣ ዝናብ የማይመታው፣ ሰው ሕይወቱን የማያሳርፍበት ሁሉ ይሆናል፦ መቀመጫ፣ የጠረጴዛ ገጽ፣ የቁም ሣጥን በር፣ ኮርኒስ፣ የባጃጅና የሚኒባስ የውስጥ ልባስ፣ የድምፅ ማጉያ ሳጥን። የመጨረሻው በተለይ ይስማማዋል፣ ንዝረት ያበርዳልና።

በሐይቁ ላይ ለሚንሳፈፍ ጀልባ ግን አይሆንም፤ ቀን ከሌት ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር ላይ ትንሽ ጭረት በቂ ነው። ለሞተር ሳይክል ሄልሜት፣ ለመሰላል፣ ለውሃ ታንከር፣ ምግብ ለሚቀርብበት ትሪ፣ ለከሰል ምድጃ አጠገብ ልባስም አይሁን። ሬዚኑም ቃጫውም ይነዳሉ፤ ክሩ ከ200 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይበላሻል።

ደንበኛ «አፈር ውስጥ ይበሰብሳል ወይ?» ብሎ ከጠየቃችሁ መልሱ አይበሰብስም ነው። ከዕፅዋት የመጣው የክብደቱ አንድ አራተኛ ነው፤ ፖሊስተሩ ከነዳጅ ተረፈ ምርት የተገኘ ነው፣ አንዴ ከጠነከረም ተመልሶ አይቀልጥም። ከሸንኮራ አገዳ ገለባ የሚወጣው የፉራን ሬዚንና ከግሊሰሪን በከፊል የሚሠራው ኢፖክሲ በዓለም ገበያ አሉ፤ እነሱ ሲገኙ የዚህ መመሪያ የቃጫ ክፍል እንዳለ ይሠራል፣ የሬዚኑ ምጣኔ ብቻ ይቀየራል።

ጠፍጣፋውን ከተካናችሁ በኋላ ጎበጥ ላለ ቅርፅ፣ ለምሳሌ ጀርባ ላለው ወንበር፣ ነጠላ ክር አስቸጋሪ ነው፤ ሞልዱ ላይ ይንሸራተታል። ለዚያ ከቃጫ የተሠራ ጆንያ ግዙ፣ ስፌቱን ፍቱ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘይቱን አጥባችሁ አስለቅቁ፣ እንደ ክሩ በሚዛን እያያችሁ አድርቁ። ሽመናው ጉብጠቱን ይዞ ይቆማል። ሁለት ድርብ የጆንያ ጨርቅ በውጭና በውስጥ፣ በመካከሉ የተበጠረ ክር ከሆነ ቅርፁም ጥንካሬውም ይገኛል።